የመምህርን ሥራ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ እንዴት ማየት ይቻላል

ማስተማር ዝቅ ተደርጎ ከሚታይባቸው ምክንያቶች አንዱ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ስለሚመስለው ነው። አሜሪካዊው የሶሺዮሎጂ ምሁር ዳን ሎርቲ እ.ኤ.አ. በ1975 እንዳመለከቱት፣ አንድ ተማሪ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን እስኪጨርስ ድረስ 13,000 ሰዓት ያህል ከመምህራን ፊት ተቀምጦ ያሳልፋል፤ የሚያየው ግን ከተማሪ ወንበር ላይ የሚታየውን ብቻ ነው። ሕመምተኛ ሆኖ ለዓመታት ሐኪም ቤት የተመላለሰ ሰው ሕክምናን እችላለሁ አይልም፤ ተማሪ ሆኖ ያደገ ሰው ግን ማስተማርን አሳምሮ የሚያውቅ ይመስለዋል። ይህ መመሪያ የክፍል ምልከታ ለሚያደርግ ርእሰ መምህር፣ ለጀማሪ መምህርና የልጁን ትምህርት ለመከታተል ለሚፈልግ ወላጅ የተዘጋጀ ነው።

ወደ ክፍል ከመግባትዎ በፊት የዕለቱን የትምህርት ዕቅድ ይመልከቱ፤ ከዚያም መምህሩን፣ “ዛሬ ተማሪዎቹ የት ላይ ይሳሳታሉ ብለው ይጠብቃሉ?” ብለው ይጠይቁ። ክፍልፋይ የሚያስተምር ጥሩ መምህር፣ ብዙ ልጆች አራት ከሦስት ስለሚበልጥ ብቻ አንድ አራተኛ ከአንድ ሦስተኛ ይበልጣል ብለው እንደሚያስቡ አስቀድሞ ያውቃል፤ ምሳሌዎቹንም የሚመርጠው ይህን ስህተት ወደ ብርሃን እንዲያወጡለት አድርጎ ነው። ሒሳብ አዋቂ ሁሉ ይህን አያውቅም። ሊ ሹልማን የተባሉት የትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 ለይተው ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ የትምህርቱን ይዘት ማወቅ አንድ ነገር ሲሆን፣ ይዘቱን ለሚማረው ሰው እንዲገባ አድርጎ የማቅረብ ዕውቀት ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ዕውቀት ነው።

ክፍል ውስጥ ሲገቡ ከኋላ አይቀመጡ። ከፊት ለፊት በስተጎን ቢቀመጡ የተማሪዎቹን ፊትና ደብተር ማየት ይችላሉ፤ ምልከታው ስለ መምህሩ ቢሆንም ማስረጃው ያለው እነሱ ዘንድ ነው።

ቀጥሎ ዝምታውን ይቁጠሩ። ሜሪ በድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባደረጉት ጥናት፣ መምህራን ከጠየቁ በኋላ መልስ የሚጠብቁት በአማካይ ለአንድ ሴኮንድ ያህል ብቻ እንደነበር፣ ጊዜው ወደ ሦስት ሴኮንድና ከዚያ በላይ ሲራዘም ግን የተማሪዎች መልስ እንደሚረዝምና ዝም የሚሉት ልጆች ቁጥር እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ሦስት ሴኮንድ ሲባል ቀላል ይመስላል፤ በአርባ ልጆች ፊት ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው ግን እጅግ ረጅም ነው።

ከሁሉም በላይ ልብ ሊሉት የሚገባው የተሳሳተ መልስ ከተሰጠ በኋላ ያለውን ቅጽበት ነው። አንድ ልጅ 0.35 ከ0.5 ይበልጣል ቢል፣ ደካማው መምህር “ስህተት ነው፤ ሌላ ሰው?” ብሎ ያልፋል፤ ጥሩው ግን “እንዴት አድርገህ አገኘኸው?” ብሎ ይጠይቃል። ልጁ ሠላሳ አምስት ከአምስት ይበልጣል ብሎ ሲያስረዳ፣ መምህሩ ችግሩ ከነጥብ በኋላ ያሉትን አኃዞች እንደ ሙሉ ቁጥር ማንበብ መሆኑን ይረዳና ትምህርቱን ወደዚያ ይመልሳል። በእርግጥ በዚህ ምክንያት ዕቅዱ ሳያልቅ ሊደወል ይችላል፤ በእኔ አስተያየት ይህ የሚያስነቅፍ አይደለም። የድምፅ ማማርንና የሰሌዳ ጽሕፈትን በተመለከተ፣ ተማሪው ከሰማና ካነበበ ይበቃል።

ከክፍለ ጊዜው በኋላ፣ ነገ ምን እንደሚለውጥና ለምን እንደሚለውጥ መምህሩን ይጠይቁ፤ ስለ እርማቱም ይጠይቁ። የአርባ ተማሪ ደብተር ለእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ቢሰጠው ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ያውም ለአንድ ክፍል ብቻ። የዓለም የሥራ ድርጅትና ዩኔስኮ የመምህራንን ደረጃ አስመልክተው እ.ኤ.አ. በ1966 ያወጡት የውሳኔ ሐሳብ፣ የማስተማሪያ ሰዓት ሲወሰን ለዝግጅትና ለእርማት የሚያስፈልገው ጊዜም እንዲታሰብ ይጠይቃል። ሆኖም ደመወዝ ሲነሳ ብዙዎች የሚቆጥሩት መምህሩ ሰሌዳ ፊት የቆመበትን ሰዓት ነው፤ ከዚያም “ግማሽ ቀን ሠርቶ ይገባል” ይላሉ።

ስለዚህ የምልከታውን ቅጽ ሲሞሉ፣ መምህሩ አስቀድሞ የጠበቀውን ስህተት፣ ስህተቱ ሲመጣ ያደረገውን፣ ለዝግጅትና ለእርማት የወሰደበትንም ሰዓት ለየብቻ ይጻፉ፤ ቅጹ ለእነዚህ ቦታ ከሌለው በጀርባው ላይ ይጻፉ።