«ውሃ መጣች!» «ትሂድ!»፦ ስለ አዲስ ተጋቢዎች የሚያስቅ አጭር ድራማ እንዴት እንደሚጻፍ

የስልክ ሠራተኛው በሩ ላይ ደርሷል፤ መናገር ግን አቅቶታል። ዕቃውን እንደተሸከመ ያለከልካል። የቤቱ እመቤት፣ ገና የሰሞኑ ሙሽራ፣ እየፈነደቀች ታስገባዋለች። እሱ ትንፋሹን እየፈለገ ነው። አንድም ቀልድ አልተነገረም፤ ተመልካቹ ግን ይስቃል። ሰውዬው አምስት ፎቅ በእግሩ ነው የወጣው። ሊፍት የለም።

ይሄ «ቤርፉት ኢን ዘ ፓርክ» ከሚባለው ፊልም ነው፤ «በባዶ እግር መናፈሻ ውስጥ» እንደማለት። አሜሪካዊው ጸሐፌ ተውኔት ኒል ሳይመን መጀመሪያ የጻፈው ለመድረክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ብሮድዌይ፣ የኒውዮርኩ የቲያትር ሰፈር ላይ ተከፍቶ 1,530 ጊዜ ታየ። በ1967 ደግሞ ፊልም ሆነ። ባልየውን መድረክ ላይም ፊልሙ ላይም የተጫወተው ሮበርት ሬድፎርድ ነው። በፊልሙ ሚስትየዋ ጄን ፎንዳ ናት። ታሪኩ ቀላል ነው። ፖል ጠንቃቃ ወጣት ጠበቃ ነው። ኮሪ ያሰበችውን ሳታሳድር የምታደርግ ልጅ ናት። ጫጉላቸውን ኒውዮርክ ፕላዛ ሆቴል አሳልፈው እዚያው ከተማ ግሪንዊች ቪሌጅ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት ጠባብ ቤት ይገባሉ። ከዚያ ይጣላሉ።

እኔና ባለቤቴ ፊልሙን አብረን አየነው። እሷ ለኮሪ ፈረደች፣ እኔ ለፖል። ፊልሙ አልቆ፣ እራት ቀርቦ፣ እኛ ገና ክርክር ላይ ነን። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። የጥንዶች ኮሜዲ የሚያስቀው ተመልካቹን ሶፋው ላይ ለሁለት ሲከፍለው ነው። ለዩቲዩብም ይሁን ለመልስ ዝግጅት አሥር ደቂቃ የሚሆን ድራማ መጻፍ ካማራችሁ፣ እኔ የምሄድበት መንገድ ይኸውላችሁ።

1. ከሰዎቹ በፊት ቤቱን ፈልጉ

አብዛኞቻችን የምንጀምረው ከገጸ ባሕርይ ነው። «እሱ ዝምተኛ፣ እሷ ተጫዋች» ብለን እንጽፍና እንቆማለን። ቀጥሎ ምን እንደሚናገሩ አናውቅም። ዝምተኛና ተጫዋች ሰው ደግሞ ሰፊ ሳሎን ውስጥ ካስቀመጥናቸው ሃምሳ ዓመት በሰላም ይኖራሉ።

የኮሪን ቤት ተመልከቱ። የጣሪያው መስታወት ተሰብሯል፤ በረዶ ሳሎን ውስጥ ይገባል። ማሞቂያው አይሠራም። መታጠቢያ ገንዳ የለም። መኝታ ክፍሉ አልጋ ከገባበት ሰው አይገባበትም። ዕቃ ይመጣል ተብሎ አልመጣም። እሷ ይህን ቤት ወድዳ ነው የተከራየችው። እሱ በሙሽርነቱ ማግስት ደረጃውን ወጥቶ ገና ማየቱ ነው።

እያንዳንዱ ጉድለት ሁለቱን ሳይወዱ ያነጋግራቸዋል። እሷ «ሰማዩ ይታያል» ልትል ትችላለች፤ እሱ ቀና ብሎ የሚያየው ቀዳዳውን ነው። እዚያው ተጣሉ ማለት ነው።

ስለዚህ ወረቀት አውጡና የምታውቁትን አንድ ቤት ጉድለት አምስት ያህል ዘርዝሩ። የራሳችሁ ቤት ቢሆን ይመረጣል። አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም፣ ሊፍት የሌለው። ውሃ በፈረቃ፣ ያውም ሌሊት። ጎረቤት ሽንኩርት ሲያቁላላ ሽታው እናንተ ጋ የሚያድርበት መስኮት። በጉልበት ካልተገፋ የማይዘጋ በር። ዝርዝሩ ውስጥ አንዱ ሳያስቃችሁ ካናደዳችሁ እሱን ምረጡ። የሚያናድድ ነገር ጥሩ ነዳጅ ነው።

2. ሁለቱንም ልክ አድርጓቸው

እዚህ ጋ ነው ብዙ ድራማ የሚበላሸው። ጸሐፊው አንዱን ይወድና ሌላውን ጅል ያደርገዋል። ባልየው ግትር፣ ሚስትየዋ ብልህ፤ አለዚያም ተገላቢጦሽ። ተመልካቹ በሁለተኛው ደቂቃ ማን እንደሚያሸንፍ ካወቀ ስልኩን ይነካካል።

ፖል ገና የመጀመሪያ ጉዳዩን ይዞ ፍርድ ቤት ሊቆም ነው። ማጥናት አለበት፣ መተኛት አለበት። ኮሪ ያገባችው ሰሞኑን ነው፤ ገና ጫጉላዋ አልወጣላትም። እሱ ፋይል ሲያወጣ እሷን የሚከፋት ለዚህ ነው። እስኪ ማን አጠፋ?

መፈተኛዋ ቀላል ናት። ሁለቱም ሽማግሌዎች ፊት ቀርበው አቤቱታቸውን እየተናገሩ ነው እንበል። የእሱን አምስት መስመር ጻፉ። ከዚያ የእሷን። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ «እውነቱን ነው» ብለው ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ቀጥለው ደግሞ «እሷም እውነቷን ነው» ካሉ ወደሚቀጥለው እለፉ። ካላሉ ተመለሱ።

3. ጠቡ በትንሽ ነገር ይጀምር

የፊልሙ ርዕስ ራሱ ከጠብ የወጣ ነው። ኮሪ ዋሽንግተን ስኩዌር መናፈሻ ውስጥ በባዶ እግር እንሂድ ብላዋለች። እሱ እምቢ ብሏል። ወቅቱ ክረምት ነው፣ ብርዱ ያደርቃል፤ እምቢ ማለቱ ምንም አይገርምም። እሷ ግን ከዚያች እምቢታ ተነስታ በመላ ማንነቱ ላይ ትፈርዳለች። አንተ ስትኖር አላይህም፣ ዳር ቆመህ ነው የምታየው፣ ዓይነት ነገር። ጫማ ስለማውለቅ የተጀመረው ወሬ ፍቺ ላይ ይደርሳል።

ክህደትና ተደብቆ የተያዘ ዕዳ እዚህ አይሠሩም። እነሱ ሌላ ድራማ ናቸው። እኛ የምንፈልገው ዘመድ ቢሰማ «በዚህ?» የሚልበትን ነገር ነው። ይቺ ከራሴ ደብተር ናት። ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ አራተኛ ፎቅ፣ ጨለማ።

«ውሃ መጣች።»

«ትሂድ።»

«ኧረ ተነሺ፣ ነገ እኮ አትመጣም።»

«ነገ እኔም የለሁም፣ እማዬ ጋ ነኝ።»

«ጀሪካኑን ብቻ ያዢልኝ።»

«ጀሪካኑን ነው ያገባኸው?»

ከዚህ በኋላ ስለ ውሃ ማውራት አያስፈልግም። እሱ ውሃ ስታልቅ ምን እንደሚመጣ እያሰበ ያደገ ሰው ነው። እሷ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሠርታ ገብታለች፤ ከጎኗ የሚተኛ ሰው ነው የፈለገችው። ይህን ግን በአፋቸው አታስብሏቸው። ጀሪካኑ ይናገር። ጥንዶች ስሜታቸውን አስተካክለው በዓረፍተ ነገር ሲያስረዱ ከሰማችሁ፣ ወይ አልተጣሉም ወይ ጸሐፊው ጣልቃ ገብቷል።

4. እንግዳ ጥሩ፣ ግን ሥራ ይዞ ይምጣ

ሁለት ሰው ብቻውን አሥር ደቂቃ ሲጨቃጨቅ ይደክማል። ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል። ፊልሙ ውስጥ ቪክቶር ቬላስኮ የሚባል ጎረቤት አለ፣ ቻርልስ ቧዬ የተጫወተው። የሚኖረው ከእነሱ በላይ ጣሪያው ሥር ነው። ወደ ክፍሉ የሚገባው ደግሞ በሙሽሮቹ መኝታ ቤት መስኮት አድርጎ ነው። ሰውዬው እንግዳ ብቻ አይደለም፤ መንገዱ በእነሱ አልጋ በኩል ነው።

አማትን ክፉ አታድርጓት፣ እባካችሁ። ያ ቀልድ አርጅቷል። የኮሪ እናት ብቸኛ፣ ጨዋ፣ ስለ ጤናዋ የምትጨነቅ ሴት ናት። ኮሪ ከጎረቤትየው ልታጣምራት ታሴራለች፤ አራቱም በጀልባ ስታተን አይላንድ ድረስ ሄደው አልባኒያ ምግብ ቤት ይገባሉ። እናትየዋን የተጫወተችው ሚልድረድ ናትዊክ ለኦስካር ታጭታበታለች። ተንኮል አልነበራትም፤ ደረጃ መውጣቷ ብቻ በቂ ነበር።

በእኛው ጀሪካን ድራማ ከታች ፎቅ ያለችው ጎረቤት በር ብታንኳኳስ? ጭቅጭቁን ሰምታ ልትገላግል አይደለም። «ውሃ መጥታለች እንዴ?» ብላ ባልዲ ይዛ።

5. አንዱን ቀልድ ሦስት ጊዜ፣ በሦስት መልክ

ደረጃውን አስታውሱ። ስልክ ሠራተኛው ሲመጣ ያለከልካል። ዕቃ አድራሹ ሲመጣ ቃል አይወጣውም። እናትየዋ ስትደርስ ለመውደቅ ትንሽ ቀርቷታል። ደረጃው ያው ነው፤ ሰዉ ነው የሚለዋወጠው። በኋላ ስልክ ሠራተኛው ተመልሶ ይመጣል፣ አሁን ግን ሙሽሮቹ ተኳርፈዋል። ምስኪኑ ትንፋሹ ሳይመለስ መሃላቸው ቆሞ የት እንደሚያይ ይጠፋዋል። መጀመሪያ ደረጃው ያስቀን ነበር፤ አሁን የሚያስቀን ኩርፊያው ነው።

6. ወንበር አቀያይሯቸው

መጨረሻው ላይ አንዱ ተሸንፎ ይቅርታ ከጠየቀ ስብከት ይሆንባችኋል። ሳይመን ያደረገው ሌላ ነው። ጠንቃቃው ፖል ሰክሮ መናፈሻው ውስጥ በባዶ እግሩ ይሮጣል። አሁን ተከትላ የምትጨነቅለት ደፋሯ ኮሪ ናት። ከዚያ እሱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ከፍታው ሲያስፈራው ማን እንደሚያወርደው ገምቱ።

በእኛው ድራማ ይሄ ቀላል ነው። በሚቀጥለው ፈረቃ እሱ እንቅልፍ ጥሎት እሷ ቧንቧው ሥር ቆማ ትገኝ። ለምን እንደተነሳች አታስረዳ።

7. ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ ከዚያ ቁረጡ

ሳይመንም ብሮድዌይ ከመግባቱ በፊት ተውኔቱን ፔንሲልቬንያ ውስጥ በትንሽ ቲያትር አሳይቶ ሞክሮታል፤ ያኔ ርዕሱ እንኳን ሌላ ነበር። እናንተ ቲያትር አያስፈልጋችሁም። ሁለት ሰው አስቀምጡና አስነብቡ፤ እናንተ ወረቀቱን ሳይሆን የሚያዳምጡትን ሰዎች ፊት ተመልከቱ። የሚሳቅበትን መስመር ተከትሎ የገባ ማብራሪያ ካለ ሰርዙት። አሥር ደቂቃ ማለት ብዙውን ጊዜ አሥር ገጽ ገደማ ነው፣ ከዚያ ካለፈ ቁረጡ።

ሲያበቃ ማን አጠፋ ብላችሁ ጠይቁ። ሁሉም አንድ ሰው ላይ ከፈረዱ ተራ ቁጥር 2 ላይ የሆነ ነገር ቀርቷል።

እኔ ጀሪካኗን ለባለቤቴ አነበብኩላት። ያለ ምንም ማመንታት ለሴትየዋ ፈረደች። ተመልሼ ለሰውዬው ሁለት መስመር ጨመርኩለት፦ ልጅ ሆኖ እናቱ ሌሊት ለብቻዋ ስትቀዳ ይሰማ እንደነበር። እንደገና አነበብኩ። ትንሽ ዝም አለችና «እሺ፣ እሱም ወዶ አይደለም» አለች። «ግን መብራቱን ሳያበራ ይቅዳ።»