የድሮ ቱ ስትሮክ ሞቶክሮስ ፓወር ቫልቭ፦ አሠራሩና አስተካከሉ

የድሮ ቱ ስትሮክ (ዘይት ከቤንዚን ጋር ተደባልቆ የሚነዳ) የሞቶክሮስ ሞተር ከታች፣ ማለትም በዝቅተኛ ዙር፣ ደክሞ ላይ፣ ማለትም ከፍተኛ ዙር፣ ሲደርስ ድንገት የሚፈነጠር ከሆነ፣ ወይም ከታች ደህና እየጎተተ ሙሉ ጋዝ ሲሰጡት የሚታፈን ከሆነ፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚነካካው ካርቡሬተሩን ነው። ፓወር ቫልቭ፣ ማለትም የጭስ መውጫውን እንደ ዙሩ የሚቀይር ክፍል፣ ባለው ሞተር ላይ ግን ካርቡሬተሩን ከመንካት በፊት ቫልቩን ማየት ይገባል። ቫልቩን ሲያዩም ጽዳቱ ይቀድማል፣ ቫልቩ የሚከፈትበትን ዙር የሚወስነውን ሞላ መነካካት መጨረሻ ላይ ይመጣል። ሞላ እየቀያየሩ የሚደክሙበት አብዛኛው ችግር የጥላሸት ችግር ነው።

የጭስ መውጫው ቀዳዳ የሚከፈተው ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ ነው። የቀዳዳው የላይኛው ጠርዝ ከፍ ካለ ጭሱ ቶሎ መውጣት ይጀምራል። ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ለጭሱ መውጫ ያለው ጊዜ ስለሚያጥር ይህ ለከፍተኛ ዙር ይጠቅማል። በዝቅተኛ ዙር ግን ግፊቱ ፒስተኑን ገፍቶ ሳይጨርስ ያመልጣል፤ ካልተቃጠለው ድብልቅም ብዙው አብሮ ይወጣል። ፓወር ቫልቩ ይህን ጠርዝ በዝቅተኛ ዙር ዝቅ፣ በከፍተኛ ዙር ከፍ ያደርገዋል። የያማሃው ዋይፒቪኤስ፣ የካዋሳኪው ኪፕስና የሆንዳው ኤችፒፒ ቅርጻቸው ቢለያይም ሐሳባቸው ይኸው ነው። ከኤችፒፒ በፊት የነበረው የሆንዳ አታክ ግን የቀዳዳውን ከፍታ አይነካም፤ በዝቅተኛ ዙር ከጭስ መንገዱ ጎን ያለ ተጨማሪ ክፍል ይከፍታል እንጂ።

በብዙዎቹ የሞቶክሮስ ሞተሮች ቫልቩን የሚያንቀሳቅሰው ከሞተሩ ጋር የሚዞር ገቨርነር ነው። ዙር ሲጨምር በውስጡ ያሉት የብረት ኳሶች ወደ ውጭ ይሸሻሉ፣ ሞላውን ያሸንፉና ዘንጉን ይገፋሉ። በሮታክስ ሞተሮች ደግሞ ሥራውን የሚሠራው የጭሱ ግፊት ነው፤ የጎማ ከረጢት እየነፋ ቫልቩን ወደ ላይ ያነሳዋል።

ከመፍታትዎ በፊት ይፈትሹ። ሞተሩን ያሙቁ፣ ማርሹን ዜሮ ላይ ያድርጉ፣ ከሲሊንደሩ ጎን ያለውን ትንሽ የቫልቭ ሽፋን ያንሱና ቫልቩን የሚያንቀሳቅሰውን ክንድ ይመልከቱ። በሚኒሞ ዝግ ቦታው ላይ መቀመጥ አለበት፤ ጋዝ ሲሰጡት ሳያመነታ ሄዶ፣ ሲለቁት ወዲያው መመለስ አለበት። ጭነት የሌለው ሞተር ላይ ጋዙን ይዘው አይቆዩ፤ አጭር አጭር አድርገው ይስጡት። ክንዱ ካልተንቀሳቀሰ ወይም ግማሽ መንገድ ከቀረ ቫልቩ ነክሷል። ዝግ ሆኖ ከነከሰ ሞተሩ ላይ ሲደርስ ይታፈናል፤ ክፍት ሆኖ ከነከሰ ከታች ጉልበት አይኖረውም።

ሞተሩ ሲበርድ የነዳጅ ታንኩንና ማርሚታውን ያውጡ። የቫልቩ ቡሎኖች ትንንሽና በአልሙኒየም ውስጥ ለዓመታት የተጋገሩ ስለሆኑ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ነፍተው አንድ ሌሊት ይተዉአቸው። በጉልበት የተፈታ ቡሎን ጥርሱን ይዞ ይወጣል። ጥርስ ያላቸው ቫልቮች ላይ፣ በተለይ ኪፕስ ላይ፣ የመግጠሚያ ምልክቶቹን ከመፍታትዎ በፊት ፎቶ ያንሱ፤ የግራና የቀኙንም አያቀላቅሉ። በአንድ ጥርስ የተዛባ ቫልቭ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም ወይም አይዘጋም። ክፍሎቹን በካርቦን ማሟሟቻ ነክረው በነሐስ ብሩሽ ይጥረጉ። ብረት መፋቂያ ግን ሲሊንደሩ አጠገብ አይድረስ። ሲገጥሙ ኦሪንጎቹን (ክብ የጎማ ማሸጊያዎቹን) በአዲስ ይለውጡ፣ ቫልቩንም በቱ ስትሮክ ዘይት ስስ አድርገው ይቀቡት።

ሲሊንደሩ ተቦርቶ (ውስጡ ሰፍቶ) ከሆነ ወይም አዲስ ሸሚዝ (የውስጥ ቱቦ) ገብቶለት ከሆነ እዚህ ላይ ይቆዩ። የሲሊንደሩ ውስጥ ሲሰፋ ግድግዳው ወደ ቫልቩ ይቀርባል፣ የቫልቩም ጫፍ ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ ሊወጣ ይችላል። ቴስታታው ተነስቶ ሳለ ቫልቩን ዘግተው ጥፍርዎን ከግድግዳው ወደ ቫልቩ ጫፍ ያንሸራቱ። ጥፍርዎን ጉብ ያለ ነገር ከያዘው ፋሻውንም (የፒስተኑን ቀለበት) ይይዘዋል። ፋሻ ከተሰበረ ፒስተኑም ሲሊንደሩም አብረው ይበላሻሉ። ጫፉ የሲሊንደሩን ክብ ተከትሎ ተሞርዶ ከግድግዳው ትንሽ ወደ ኋላ መግባት አለበት። ቫልቩን ቀስ እያሉ እስከ ሙሉ ክፍት ድረስ እየወሰዱ በየቦታው ይሞክሩት።

ቀጥሎ ዘንጉ ነው። ገቨርነሩ ሲያርፍ ቫልቩ ዝግ ማቆሚያው ላይ መድረስ አለበት፤ ክንዱን በእጅ እስከ መጨረሻው ሲገፉት ደግሞ ጠርዙ ከቀዳዳው ጣሪያ ጋር እኩል መሆን አለበት። ጣሪያው ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀር ጠርዝ የላዩን ጉልበት ይሰርቃል። የዘንጉ ርዝመት የሚስተካከል ከሆነ መቆለፊያ ዳዶውን ያላሉ፣ ግማሽ ዙር ያዙሩ፣ ሁለቱንም ጫፎች እንደገና ይዩ።

ሞላው የሚነካው ይህ ሁሉ ትክክል ከሆነ ነው። ጠንካራ ወይም ይበልጥ የተጨመቀ ሞላ ቫልቩን ያዘገያል፤ ለስላሳው ቶሎ ያስከፍታል። ሮታክስ ላይ የሽፋኑን ማስተካከያ ወደ ውስጥ ማጥበቅ ያዘገያል፣ ማላላት ያፈጥናል። ቫልቩ ቶሎ ሲከፈት ሞተሩ መሃል ዙር ላይ ይላላል፤ ሲዘገይ ይታፈንና በድንገት ይወረወራል። በአንድ መንገድ ላይ፣ በሦስተኛ ማርሽ፣ ከዝቅተኛ ዙር ሙሉ ጋዝ እየሰጡ ያወዳድሩ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ፣ በሩብ ዙር ይቀይሩ። ካርቡሬተሩን በዚያው ቀን አይንኩ፤ ሁለቱ ከተቀየሩ ለውጡ ከየት እንደመጣ አይለይም።

ቫልቩ ቶሎ ቶሎ የሚጠቁር ከሆነ ምክንያቱን ይፈልጉ። በ32 ለ1 ድብልቅ ለአንድ ሊትር ቤንዚን የሚገባው ዘይት 31 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ በግምት የሚጨመር ዘይት ቫልቩን ይዘጋል። ቤንዚን የሚበዛበት ካርቡሬተርም እንዲሁ። በቫልቩ ክፍል ውስጥ እርጥብ ዘይት ተጠራቅሞ ካገኙና የማርሽ ዘይቱ እየጎደለ ከሄደ ግን ጥፋቱ ከድብልቁ አይደለም፤ በገቨርነሩ በኩል ያለው የዘንግ ዘይት ማገጃ ጎማ አልቋልና እሱን ይለውጡ።