ደሴ ላይ ተንጠልጣይ ፔቱኒያ ማዳቀል

ደሴ በረንዳ ላይ የሚሰቀል ፔቱኒያ ዋና ጠላቱ የክረምቱ ዝናብ ነው። አበባው ሰፊ የሆነው ሐምሌ ላይ አንድ ከባድ ዝናብ ከመታው ቅጠሉ ብቻ ይቀራል። ድርብ አበባ ያለውማ ውሃ ጠጥቶ ይዘፈዘፋል፤ በነጻ ቢሰጡኝም አልሰቅለውም። ችግኝ ሻጭ ስለሆንኩ ደንበኛ የሚጠይቀኝን አውቃለሁ፦ አበባው ትንሽ ግን የበዛ፣ ቅርንጫፉ ወደ ታች የሚወርድ። እንዲህ ያለውን ገበያ ላይ ካጣችሁ ራሳችሁ አዳቅሉት። ወረንጦ፣ እርሳስ፣ የወረቀት ፖስታና ትዕግሥት ይበቃል።

እናት የምትሆነው በደንብ የምትንጠለጠለዋ ትሁን። አባት የሚሆነው ደግሞ የምትፈልጉት ቀለም ያለው ወይም ዝናብ የሚችለው። በነገራችን ላይ በዓለም ገበያ ስም ያወጡት ተንጠልጣዮች ከጃፓን መጠጥ ጠማቂዎች ነው የመጡት፤ የሰንቶሪው ሰርፊኒያ በ1989፣ የኪሪኑ ፐርፕል ዌቭ በ1995 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር። የዘር ፓኬቱ ላይ ኤፍ ዋን የሚል ካለ ተክሉ ራሱ ዲቃላ ነው። ስለዚህ ልጆቹ ከመጀመሪያው ዙር ጀምረው ቢለያዩ አትደንግጡ።

ማዳቀሉን ጥቅምት ላይ ጀምሩ፤ ዝናቡ አቁሟል። ቀለሙ የታየ ግን ገና ያልተከፈተ እምቡጥ ፈልጉ። ጎኑን በመርፌ ሰንጥቁና ውስጡ ያሉትን 5 ወንዴ ዘንጎች አንድ በአንድ በወረንጦ አውጡ። ዱቄታቸው ከፈሰሰ አበባው ራሱን ሊያዳቅል ስለሚችል ያንን እምቡጥ ተዉትና ሌላ ፈልጉ። መሃል ላይ የቆመችውን ሴቴ እንዳትነኩ። ነፍሳት እንዳይደርሱባት አጭር የስትሮ ቁራጭ አልብሷት፤ የስትሮው ጫፍ ይታጠፍ። በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ጫፏ ያብረቀርቃል፣ ይጣበቃልም። ያኔ የአባትየውን አበባ ቆርጣችሁ ዱቄቱን ቀቧት። ስትሮውን መልሱ። ቁራጭ ወረቀት በክር እሰሩበትና የእናትን ስም፣ የአባትን ስም፣ ቀኑን ጻፉበት። በእርሳስ ይሁን፤ የእስኪርቢቶ ቀለም ፀሐይ ሲመታው ይደበዝዛል። ወደ ሌላ አበባ ስትሄዱ ወረንጦውን በአልኮል ጥረጉ።

ከተሳካ ፍሬው ያብጣል። አንድ ወር ገደማ ይፈጃል፤ የኅዳር ብርድ ሊያዘገየውም ይችላል። ቡናማ መሆን ሲጀምር ሳይፈነዳ ልቀሙት። ፖስታ ውስጥ ይድረቅ፤ ፌስታል ውስጥ ይሻግታል። ዘሩ ከጤፍም ያንሳል፤ በአንድ ግራም ውስጥ 10,000 ገደማ ይገባል። ከደረቅ አሸዋ ጋር ደባልቁና ሳሳ አድርጋችሁ በትኑት። አፈር አታልብሱት፤ ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል። ውሃውን ከሥር ስጡት። ደሴ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ሣህኑን ቤት ውስጥ መስኮት አጠገብ አድርጉና ላስቲክ አልብሱት።

የመጀመሪያው ዙር ሲያብብ ሰው ሁሉ "አለቀ፣ ቆንጆ ነው" ይላል። አላለቀም። ከዚህ ውስጥ ምርጡን ያዙና በራሱ ዱቄት አዳቅሉት። አንዳንዱ የራሱን ዱቄት አይቀበልም፤ ያኔ ከእህቱ ጋር አገናኙት። በመጀመሪያው ዙር ሳይታይ የተደበቀው የወላጆች ባሕርይ የሚወጣው በሁለተኛው ዙር ነው። አንድ የተደበቀ ባሕርይ ከ4 ልጆች በ1 ላይ ይወጣል። ሁለት የተደበቁ ባሕርያትን አንድ ተክል ላይ አብረው ከፈለጋችሁ ከ16 አንድ ነው። እሷን አንዷን ለማግኘት 16 ችግኝ አይበቃም፤ ዕድሉ አስተማማኝ የሚሆነው 50 ገደማ ስታሳድጉ ነው።

ከዚያ ጨከን ብላችሁ ጣሉ። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ ያበበ ነገር መጣል ያሳዝናል። የእኔ መለኪያ ይህ ነው፦ ሳትቆርጡት ከሥሩ ቅርንጫፍ ያወጣል? መሃሉ ራሰ በራ አይሆንም? ዝናብ በመታው ማግስት ስንት አበባ ቀርቶለታል? ቀለም የማየው መጨረሻ ላይ ነው። መንጠልጠሉን ደግሞ በትንሽ ማሰሮ ማወቅ አይቻልም። በቀለም ባልዲ ወይም በተቆረጠ ጀሪካን ሰቅላችሁ ክረምት ላይ እዩት።

ያሸነፈውን በዘር አታባዙት፤ ይለያይባችኋል። አበባ ያልያዘ የ6 ሴንቲ ሜትር ጫፍ ቆርጣችሁ የታችኛውን ቅጠል አንሡና እርጥብ አሸዋ ላይ ትከሉ። ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ሥር ያወጣል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው እጁን በሳሙና ሳይታጠብ እንዳይነካው፤ ፔቱኒያ የትምባሆ ዘመድ ነው፣ የትምባሆ ቫይረስ ይይዘዋል። ቲማቲምና በርበሬም ቤተሰቡ ናቸው፤ ከችግኛቸው አርቁት።

ለሽያጭ ካሰባችሁ ኮምቦልቻም ፈትኑት። እኔ የሐረጎን ቁልቁለት በሚወርድ ሚኒባስ ለእህቴ እልክላታለሁ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታው ግን ከ2,500 ሜትር አካባቢ ወደ 1,850 ገደማ ይወርዳል። ደሴ ላይ በሁለት ቀን አንዴ የሚጠጣው ባልዲ እዚያ በበጋ ጧትና ማታ ይጠይቃል። ያን ሙቀት ያልቻለውን ለደሴ ደንበኛ ብቻ ሽጡ።

ቁራጭ ከምትወስዱባቸው እናት ተክሎች አንዱ ደሴ፣ አንዱ ኮምቦልቻ ይቀመጥ፤ አንዱ ቢታመም ሌላው አለ። በየጊዜው ከጤነኛው ቁራጭ እየወሰዳችሁ አድሱት። ደንበኛ እሱን ካልሰጣችሁኝ ብሎ ቢለምን ሥር ያወጣ ቁራጭ ስጡት እንጂ እናቱን አትሽጡ።