ተማሪዎች በሚኖሩበት ኮሌጅ ሥዕል ሲሰቀል ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የዩኒቨርሲቲ መኖሪያ ኮሌጅ ሙዚየም አይደለም። ሥዕሉ ሥር ይበላል፣ ይጠናል፣ ዕቃ ይጎተታል። እኔ ይህን በጣም እወደዋለሁ። ግን ሥዕሉ እንዲቆይ ከፈለግን አንዳንድ ነገሮችን መተው አለብን።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ፀሐይን መናቅ ነው። ማርክ ሮትኮ የተባለው ሠዓሊ የሣላቸው ግዙፍ ሥዕሎች እ.ኤ.አ. በ1964 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በአንድ የመመገቢያ አዳራሽ ተሰቀሉ። አዳራሹ ትልልቅ መስኮቶች ነበሩት። ሠዓሊው የተጠቀመበት ቀይ ቀለም ደግሞ ብርሃን አይችልም። በ1979 ሲወርዱ ደማቁ ቀይ ደብዝዞ ነበር። በ2014 የሃርቫርድ ሙዚየም እንደገና ሲያሳያቸው ሸራውን አልነካም፤ የጠፋውን ቀለም በፕሮጀክተር ብርሃን ነው የመለሰው። መጋረጃ አለን ብላችሁ አትጽናኑ። ሰው የሚኖርበት ክፍል ውስጥ መጋረጃ መከፈቱ አይቀርም። ፀሐይ የማይደርስበትን ግድግዳ ምረጡ። የወረቀት ሥራዎች ከ50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) የበለጠ ብርሃን ባያገኙ ይመረጣል፤ በየጊዜው እያወረዱ ማሳረፍም ያስፈልጋል።

ሁለተኛው በቅን ልብ የሚሠራ ጥፋት ነው፦ ማጽዳት። የመስታወት ማጽጃ ፍሬሙ ላይ በቀጥታ ሲረጭ፣ ፈሳሹ በጠርዙ ሰርጎ ወረቀቱን ያበላሻል። ጨርቁ ላይ ይረጭ። መስታወት የሌለውን ሥዕል ግን የጽዳት ሠራተኞች ጭራሽ እንዳይነኩት በግልጽ ይነገራቸው።

መዝገብ አለመያዝም አለ። ፎቶ፣ ልክ፣ ከማን እንደመጣ፣ የት እንደተሰቀለ። ይህ ከሌለ አንድ ሥዕል ከኮሪደር ቢጠፋ መጥፋቱን እንኳ የሚያውቅ የለም።

ሌላው፣ ግድግዳውን በቀድሞ ኃላፊዎች ምስል ብቻ መሙላት። በካምብሪጅ የሚገኘው መሬይ ኤድዋርድስ የተባለው የሴቶች ኮሌጅ ሌላ መንገድ ሄደ። በ1986 የአርቲስቷን የሜሪ ኬሊን የጥበብ ሥራ ስብስቡ ውስጥ አስገባ፤ በኋላም ለሴት ሠዓሊዎች ደብዳቤ ጽፎ ስጦታ ጠየቀ። ዛሬ ከ600 በላይ የሴቶች ሥራዎች አሉት። ተማሪዎቹ በየዕለቱ በእነዚህ ሥዕሎች መካከል ያልፋሉ። ይሄ ደስ ይላል።

ስጦታ ሲመጣ ግን ዝም ብሎ መቀበል አይገባም። «ለዘላለም እዚህ ይሰቀል» የሚል ቅድመ ሁኔታ ካለው፣ ከመፈረማችሁ በፊት ተነጋገሩበት። ያ ግድግዳ ነገ ሊፈርስ ይችላል።