ስፖንጁ ለሰለሰ ብላችሁ አትመኑት፦ የሞተር መቀመጫና መደገፊያ አመራረጥ

ደምበጫ ወረዳ ግብርና ስሠራ ስድስት ዓመት በያማሃ ዲቲ ዞሬያለሁ። ስለ መቀመጫ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። መንገዱ ድንጋይ ነው። ድንጋይ ላይ የሚነዳ ሰው እንደ ፈረሰኛ እርካቡ ላይ ይቆማል፤ ቁጭ የሚለው ሲደክመው ነው። አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ መጥቼ አሮጌ ካዋሳኪ ቨልካን 900 ስገዛ ነገሩ ተገለበጠ። አስፋልቱ ልሙጥ፣ ሞተሩ ዝቅ ያለ፣ እግር ወደ ፊት ተዘርግቶ የሚነዳ። በአርባኛው ደቂቃ ታፋዬ ደነዘዘ። ሰዓት ሲሞላ ነዳጅ ማደያ ገብቼ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ነዳጅ አልፈለግኩም።

እግር ከበታቻችሁ ሲሆን ክብደቱን ይጋራል፣ ብድግ ማለትም ይቻላል። ወደ ፊት ሲዘረጋ ግን ሸክሙ ሁሉ ቂጥ ላይ ነው። ስለዚህ እንዲህ ባለው ሞተር ላይ መቀመጫ የቅንጦት ነገር አይደለም።

እኔ ቸኩዬ ተሳሳትኩ። ጄል ያለበት፣ ትራስ የመሰለ መቀመጫ ኢንተርኔት ላይ አይቼ በ150 ዶላር ገዛሁ። ሳሎን ውስጥ በእጄ ስጫነው ደስ አለኝ። ባለቤቴም ተጫነችው፣ ደስ አላት። መንገድ ላይ ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ስፖንጁ ተኛና ከሥር ያለው ፕላስቲክ ላይ ቁጭ አልኩ።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የሚያማችሁ የት እንደሆነ እወቁ። አንድ ሁለት ሰዓት ንዱ። መቁነጥነጥ ስትጀምሩ ሰዓቱን ልብ በሉ፤ ስትደርሱ ቦታውን ጻፉት። ግራና ቀኝ ሁለት ነጥብ ላይ የሚወጋችሁ ከሆነ መቀመጫው ጠቧል ወይም ስፖንጁ አልቋል። የጀርባ አጥንት ጫፍ ላይ ከሆነ ከኋላ ጎድጉዶ አጥፎ አስቀምጧችኋል። ጭን ውስጥ ከሆነ ፊቱ ሰፍቷል ወይም ጠርዙ ሹል ነው። ወገብ ብቻ ከሆነ ግን ገና አትግዙ፤ መሪው ርቆባችሁ ሊሆን ይችላል። ቡሎኖቹን አላልቶ መሪውን ትንሽ ወደ ራስ ማምጣት በነጻ ነው። ገመዶቹ እንዳይወጠሩ ብቻ እዩ። የገንዘብ ቦርሳም ከኋላ ኪስ ይውጣ። የኔን የግራ ጎን ሕመም ግማሹን የገላገለኝ እሱ ነው።

ቀጥሎ ልክ መውሰድ ነው። ጫማ ስንገዛ ቁጥር እንጠየቃለን፤ መቀመጫ ሲሆን ማንም አይጠይቅም። የዕቃ ካርቶን ቁራጭ ውሰዱ። ደረጃ ላይ አድርጉትና ጉልበታችሁን ትንሽ ወደ ደረት ሳብ አድርጋችሁ አንድ ደቂቃ ቁጭ በሉበት። ስትነሱ አጥንቶቹ ያረፉባቸው ሁለት ጎድጓዳ ምልክቶች ይቀራሉ። በዓይን ካልታዩ በጣት ዳብሱ። ከአንዱ መሃል እስከ ሌላው መሃል ለኩ። የኔ 12 ሳንቲ ሜትር ሆነ፣ የባለቤቴ 14። እነዚህ ሁለት አጥንቶች የመቀመጫው ጠፍጣፋ ክፍል ላይ ማረፍ አለባቸው፤ በየጎኑም ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር ይትረፍ። ወደ ጎን የሚያዘቀዝቀው ላይ ካረፉ ውድ ስፖንጅም አያድናችሁም።

ስፖንጁን በአውራ ጣት ጫን በሉት። ቶሎ ሰምጦ ከሥሩ ደረቅ ነገር ከነካችሁ ተዉት። ጥሩ መቀመጫ ይታገላችኋል። የካሊፎርኒያው መቀመጫ ሠሪ ኮርቢን በጠንካራ መቀመጫ የታወቀ ነው፤ ሆሊስተር ከተማ ድረስ ሞተራችሁን ይዛችሁ ከሄዱ እዚያው ለክተው ይሠሩላችኋል። ለኛ ለምሥራቅ አሜሪካዎቹ ሩቅ ነው። አሁን ያለኝ መቀመጫም ጠንካራ ነው፤ 480 ዶላር አውጥቼበታለሁ። እስኪለምደኝ አንድ ሺህ ማይል ገደማ ፈጀ። የመጀመሪያው ሳምንት ልመልሰው ብዬ ካርቶኑን ስፈልግ ነበር። እናንተም ካርቶኑን አትጣሉ፤ መመለስ እንደሚቻልም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ቁመት አይረሳ። የቨልካን መቀመጫ ከመሬት 68 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ እንደኔ ላለ አጭር ሰው የተባረከ ነው። አዲሱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለና ደግሞ ከሰፋ ግን እግር ሁለቴ ያጥራል፤ ስፋቱ ጭን ስለሚከፍት። ሰው አፈናጥጦ ቀይ መብራት ላይ በጣት ጫፍ መቆም ቀልድ አይደለም።

የሞተሩን ዓመትም በደንብ አጣሩ። አንድ ጓደኛዬ ለ2007 ሃርሊ ሮድ ኪንጉ የ2008 መቀመጫ በርካሽ አገኘሁ ብሎ ፈነጠዘ። በ2008 ሰልባቲዮው (የነዳጅ ታንከሩ) ተለውጧል፤ መቀመጫው እምቢ አለ። አሁን ጋራዡ ውስጥ እንደ በርጩማ ያገለግላል። ሽፋኑ ደግሞ ዝናብ ላይ ለሚያድር ሞተር ቪኒል ይሁን። ቆዳ እንክብካቤ ይፈልጋል።

አዲስ መግዛት የማይችል ሰው አጎዛ ይሞክር። አልቀለድኩም። ፈረንጆቹም የበግ ለምድ ለሞተር ሰፍተው ይሸጣሉ። ጸጉሩ ክብደት ይበትናል፣ አየር ያሳልፋል፣ በዚህ አገር የሐምሌ ሙቀትም አያጣብቅም። እናቴ የላከችልኝን አጎዛ በመቀመጫው ልክ ቆርጬ፣ ከሥር በጠፍር አስሬ ሁለት በጋ ነዳሁበት። ከረጠበ ግን ቶሎ አይደርቅም፤ ደመና ሳይ በፌስታል እሸፍነዋለሁ።

ወደ መደገፊያ እንምጣ። ብዙ ሰው የነጂውን መደገፊያ እንደ ሶፋ ሊንጋለልበት ይገዛዋል። ሥራው እሱ አይደለም። ቀጥ ብላችሁ ስትነዱ ከቀበቶ በላይ ያለውን የወገብ ጉድጓድ ነካ ካደረገ በቂ ነው። ሲገፋችሁ ከተሰማችሁ በጣም ቀርቧል። የምትነዱበትን ጃኬት ለብሳችሁ ሞክሩት፤ ወፍራም ጃኬት ብቻውን ሁለት ሳንቲ ሜትር ይበላል። ሞተሩ ቆሞ መሪውን እስከ ጥግ አዙሩት። መሪውን ለመያዝ ከመደገፊያው መላቀቅ ካስፈለጋችሁ ወደ ኋላ በዝቷል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚስተካከል ይሁን። ወደ ፊት የሚታጠፍ ከሆነ ደግሞ እግር ለማሻገር ይቀላል፤ የኔ የመጀመሪያው አይታጠፍም ነበር፣ ሱሪ ቀዶብኛል።

የተፈናጣጩ መደገፊያ ሌላ ነው። ብረቱ በፓራፋንጎው (በጭቃ መከላከያው) ግራና ቀኝ ካለው ጠንካራ ብረት ጋር ይታሰር እንጂ ፕላስቲክ ላይ አይንጠልጠል። ከመቶ ማይል በኋላ ቡሎኖቹን መልሳችሁ አጥብቁ። ትራሱ ከወገብ ጀምሮ እስከ ትከሻ አጥንት ሥር ይድረስ። ከመግዛታችሁ በፊት ሄልሜት አድርጋችሁ ሁለታችሁም ተቀመጡ፤ የነጂው መደገፊያ የኋለኛዋን ቦታ ይሻማል። እኔ ብቻዬን ሄጄ ገዝቼ የባለቤቴ ጉልበት ጎኔ ውስጥ ገብቶ ነበር የተመለስነው።

ባለፈው ጥቅምት ስካይላይን ድራይቭ የሚባለውን የቨርጂኒያ የተራራ መንገድ ከፍሮንት ሮያል ከተማ ጀመርነው። 105 ማይል ነው፣ የፍጥነት ገደቡ 35 ማይል በሰዓት፤ መቀመጫ ለመፈተን ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። መሃሉ ላይ ያለው ቢግ ሜዶውስ ልንደርስ ስንል ከኋላዬ ኳ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ኳ። የላላ ቡሎን መሰለኝና ዳር ይዤ አቆምኩ። ዞር ስል ባለቤቴ ተኝታለች፤ የሚጋጨው የሷ ሄልሜት ከኔ ጋር ነው። ማታ ቤት ስንገባ መደገፊያዋን አንድ ቀዳዳ ቀና አደረግኩት።