ስለ ጥንቷ ሩሲያ መደቦች ሲጻፍ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ከ1497 እስከ ዛሩ (የሩሲያው ንጉሥ) ታላቁ ጴጥሮስ ያለውን ዘመን (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በአማርኛ ስንጽፍ አብዛኛው ስህተት የሚጀምረው ከቃል መረጣ ነው።

የከፋው በመሬት ላይ የታሰረውን ገበሬ “ባሪያ” ማለት ነው። ባሪያው ኾሎፕ ይባል ነበር፤ ራሱን የቻለ መደብ ነው። ኾሎፕ ለዛሩ ግብር አይከፍልም። በዚህ ምክንያት ዕዳና ግብር ያስጨነቀው ሰው በገዛ ፈቃዱ ራሱን ለጌታ የሚሸጥበት ጊዜ ብዙ ነበር፤ ሁለቱን የቀላቀለ ጸሐፊ ይህን ማስረዳት አይችልም። ልዩነቱ የጠፋው ጴጥሮስ በ1720ዎቹ ኾሎፖችን የነፍስ ወከፍ ግብር መዝገብ ውስጥ ሲያስገባ ነው። “ጭሰኛ” ማለትም አያዋጣም። ጭሰኛ መሬቱን ለቆ ሊሄድ ይችላል፤ የሩሲያው ገበሬ ግን ከሸሸ ተፈልጎ ይመለሳል።

ይህ እስራት በአንድ አዋጅ የመጣ አይደለም። የ1497ቱ ሕግ ገበሬው አዝመራውን ሰብስቦ፣ በቀድሞው የሩሲያ አቆጣጠር ኖቬምበር 26 ከሚውለው የጊዮርጊስ በዓል አንድ ሳምንት በፊትና አንድ ሳምንት በኋላ እንዲለቅ ይፈቅድ ነበር። አራት ዓመት የኖረ የቤቱን ኪራይ በሜዳማው አገር አንድ ሩብል፣ በደን አካባቢ ግማሽ ሩብል ይከፍላል፤ አንድ ዓመት ብቻ የኖረ ሩቡን። ከ1581 ወዲህ መልቀቅ በየጊዜው ታገደ። በ1597 ጌታው የሸሸበትን ገበሬ የሚጠይቅበት ጊዜ አምስት ዓመት ሆነ። የ1649ኙ ሕግ የጊዜ ገደቡን ጨርሶ አነሳው።

ቦያር ማለት መኳንንት ሁሉ አይደለም፤ በዛሩ ምክር ቤት የሚሰጥ ከፍተኛ ማዕረግ ነው። ተራው ዘማች ድቮርያኒን ይባላል። ስለ አገልግሎቱ የሚሰጠውን ፖሜስትዬ “ማደሪያ”፣ ቮትቺናን ደግሞ “ርስት” ብንል ለእውነቱ እንቀርባለን። ጴጥሮስ በ1714 ሁለቱን አንድ አድርጓቸዋል።

ገበሬ ሁሉ ባላባት ነበረው ማለትም ስህተት ነው። በሰሜንና በሳይቤሪያ ብዙው ግብሩን በቀጥታ ለመንግሥት ይከፍል ነበር።

የከተማውን ነጋዴና የእጅ ባለሙያ እንደ ነጻ ሰው መቁጠርም ያሳስታል። የ1649ኙ ሕግ ምዕራፍ 19 እሱንም ከከተማው ጋር አስሮታል። የከተማው ግብር የተጣለው በማኅበሩ ላይ ስለነበር አንዱ ሲሸሽ ድርሻው በቀሩት ላይ ይወድቃል፤ የሄዱት እንዲመለሱ አቤት ያሉትም ራሳቸው የከተማው ሰዎች ነበሩ።