የኮምፖስት ሻይ እያጠጣችሁትም ሳሩ የሚደርቅባችሁ ለምንድነው

የኮምፖስት ሻይ ማለት ኮምፖስት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ፣ ሞላሰስ (ከስኳር ምርት የሚተርፍ ጥቁር ወፍራም ፈሳሽ) ጨምራችሁ፣ በፓምፕ አየር እየነፋችሁበት የምታዘጋጁት ፈሳሽ ነው። መጀመሪያ ትናንሾቹን ችግሮች ልጨርስ። ሻዩ ከገማ አየር አጥሮታል፤ ወይ ፓምፑ አቅም የለውም ወይ ሞላሰስ አብዝታችኋል ወይ ደሞ ድምጹ ረበሸኝ ብላችሁ ማታ አጥፍታችሁታል። ድፉት፣ ሳሩ ላይ ግን እንዳትደፉት። የማጠጫው አፍ ከተደፈነ በጨርቅ አላጠለላችሁትም። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ አንድ ቀን ክፍቱን ይደር። ፓምፑ ከጠፋ በኋላ ደሞ በ4 ሰዓት ውስጥ ተጠቀሙበት፣ ለነገ ብሎ ማስቀመጥ የለም!

አሁን ወደ ዋናው። "ሁለት ወር ሙሉ ሻይ ሰጠሁት፣ አንድ ቀን ውሃ ካጣ ግን ይጠወልጋል" የሚለውን ስንቴ እንደሰማሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ሻዩ ላይ አትፍረዱ፣ ረጅም ካቻቪቴ አምጡና አፈሩ ውስጥ ሰክታችሁ እዩ። አንዱ ጋ ሄጄ ስሞክር 3 ሳንቲሜትር ገባና ቀጥ አለ፣ ሰውየው ለካ መኪናውን ሳሩ ላይ ነበር የሚያቆመው፣ እኔ ቆሜ እያየሁ ሻዩ በላዩ ላይ ተንሸራቶ ወደ ቦይ ገባ፣ እሱ ደሞ ሞላሰስ ልጨምርበት እንዴ ይለኛል። ሌላዋ መኪናም የላት፣ ግን በየቀኑ 5 ደቂቃ ብቻ ስለምታርከፈክፍ ሥሩ ሁሉ ላይ ላዩን ቀርቷል፣ ታች ውሃ ከሌለ ለምን ብሎ ይወርዳል?

ማስተካከያው፣ ባለ ጥርስ መቆፈሪያ ከ8 እስከ 10 ሳንቲሜትር እያስገባችሁ በየ10 ሳንቲሜትሩ ብሱት። አፈሩ ጭቃ ሆኖ እያለ አትንኩት፣ ይብስበታል። ለስለስ ብሎ እርጥበት ያለው ሲሆን ነው። ከዛ የበሰለና የተነፋ ኮምፖስት ግማሽ ሳንቲሜትር በትኑና በመጥረጊያ ቀዳዳው ውስጥ አስገቡት። ውሃ የሚይዝላችሁ እሱ ነው፣ ሻዩ ረዳት ነው እንጂ ብቻውን የውሃ ወጪ አይቀንስም፣ ይቀንሳል ያላችሁ ሰው ሻዩን ሊሸጥላችሁ ነው። ያልበሰለ ፍግ ደሞ በፍጹም፣ ልጆች የሚጫወቱበት ሳር ነው። ሻዩን ከዚህ ሁሉ በኋላ አመሻሽ ላይ ስጡት።

ውሃውን በአንዴ እንዳታቋርጡ፣ በየቀኑ የነበረውን በየ2 ቀኑ፣ ቀጥሎ በየ3 ቀኑ እያደረጋችሁ በአንዴ ግን በደንብ አጠጡ፣ ካቻቪቴው 15 ሳንቲሜትር እስኪገባ። መቼ ላጠጣ ለምትሉ ሳሩን ረግጣችሁ ዞር በሉ፣ የእግራችሁ ዱካ ተኝቶ ከቀረ ያኔ ጠምቶታል።

አልፎ አልፎ ዙሪያው ጥቁር አረንጓዴ የሆነ ክብ ቢጫ ነገር ታያላችሁ፣ እሱ የውሻ ሽንት ነው፣ ሻይ ሳይሆን ብዙ ውሃ ድፉበት።